ቀጥኖ የወረደው ውሃ

ልጄን ሌባ ያለው ሰው ዛሬም ፒያሳ ላይ ሱቁን ከፍቶ ይሠራል። ሳልፍ ያየኛል፤ አየዋለሁ። ይህን የምጽፈው እሱ እንዲያነበው ብዬ አይደለም። እንደኔ ልጅ አሳድጋ፣ እንደኔ ትልቅ ሰው ፊት አንገቷን ደፍታ የኖረች እናት ካለች ታንብበው። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ስለዚህ ነገሩን እንደሆነው እነግራችኋለሁ፤ የተበላሸ ቃል ካገኛችሁ እያቃናችሁ አንብቡልኝ።

ያኔ የምንኖረው ዶሮ ማነቂያ ነበር፤ ሰፈሩ ሳይፈርስ። እኔ ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ውስጥ፣ ከባንኮኒው ጀርባ፣ ሲኒና ብርጭቆ አጥብ ነበር። ባሌ ሞቷል። ያለኝ ልጅ አንድ ነው፣ ሚኪያስ። ሚኪ ከልጅነቱ የተበላሸ ሬዲዮ፣ የተበላሸ ስልክ ሲፈታታ ነው ያደገው። በኋላ አንድ ደንበኛችንን ለምኜው የኮምፒውተር ሱቅ አስገባልኝ። ሱቁ ከወርቅ ቤቶቹ በላይ፣ ደረጃው እንጨት የሆነ አሮጌ ፎቅ ላይ ነው። ባለቤቱ ሙላት ይባላል። «ጋሽ ሙላት» ነበር የምለው። በዕድሜ ቢበልጠኝ ጥቂት ነው፤ ግን «እርስዎ» ብዬ ነው የማናግረው። ልጄን የቀጠረልኝ ቀን ጉልበቱን ስሜአለሁ። በዓል በመጣ ቁጥር ድፎ ዳቦ ይዤለት እሄድ ነበር።

እኔ ያኔ እንዲህ ያለች ሰው ነበርኩ። አለቃዬ ሲቆጣኝ እሺ፣ የቀበሌ ሰው ሲያመናጭቀኝ እሺ፣ ሽማግሌ ሲፈርድብኝ እሺ። ልጄንም እንዲሁ ነው ያሳደግኩት፤ ትልቅ ሰው ከተናገረ መልስ የለም ብዬ።

ስለ ዕቃው ትንሽ ልንገራችሁ፣ አለዚያ የተጣላንበት ነገር አይገባችሁም። ትልልቅ ሥራ የሚሠራባቸው ኮምፒውተሮች ይግላሉ። አንዳንዶቹን በውሃ ነው የሚያቀዘቅዟቸው። ይህን የሰማሁ ቀን ልቤ ነው የቆመው። «ውሃና መብራት አንድ ሳጥን ውስጥ? ልትሞትብኝ ነው?» ብዬ ጮህኩበት።

«እማ፣ መኪና ራዲያተር የለውም? እንደዚያ በይው» አለኝ እየሳቀ። «ከኮምፒውተሩ ዋና ዕቃ አናት ላይ የመዳብ ክዳን ይቀመጣል። ብሎክ ነው የሚባለው። ውሃው በአንዱ ቱቦ ይገባል፣ በመዳቡ ሆድ ውስጥ አልፎ ሙቀቱን ይዞ በሌላኛው ይወጣል። ውሃውም ለባትሪ የሚደረገው የተጣራው ነው።»

«ካፈሰሰስ?»

«እኔ ከገጠምኩት አያፈስም።»

እውነትም የገጠመው አፍስሶ አያውቅም።

ሙላት በሰው በኩል ከዱባይ ሁለት ብሎክ አስመጣ፣ አንዱ ውድ፣ አንዱ ርካሽ። ሁለቱም ከላይ ጥቁር ናቸው፣ ምንም ጽሕፈት የለባቸውም፣ ካርቶናቸውም ተጥሏል። ርካሹን ሱቁ መስኮት ላይ ለማሳያ ባቆመው ኮምፒውተር ላይ አስገጠመው። ውዱን ዳዊት ለሚባል የሠርግ ቪዲዮ ለሚያቀናብር ልጅ ሸጠለት። የገጠመለት ሚኪ ነው።

ነገሩ የመጣው ቅዳሜ ነው። እኔ እጄ አረፋ ውስጥ ነው፤ ስልኬ ጠራ።

«እማ፣ ነይ» አለኝ ሚኪ። ድምፁ የሱ አይመስልም።

«ምን ሆንክ? መብራት ያዘህ?»

«አይደለም። ጋሽ ሙላት ሰረቅክ አለኝ። ጣቢያ ልንሄድ ነው።»

ሽርጤን እንኳ አልፈታሁም። መንገዱን እንዴት እንዳቋረጥኩ አላውቅም፤ አንድ የታክሲ ረዳት «ማዘር፣ ነፍስዎን ጠሉት እንዴ» ሲለኝ ብቻ ትዝ ይለኛል። ከደረጃው ሥር ጀምሮ የሙላት ጩኸት ይሰማል። ፎቁ ላይ ኮሪደሩ በሰው ተሞልቷል። ሞባይል ጠጋኞቹ ሥራቸውን ትተው በር በራቸው ላይ ቆመዋል። ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ያያል። ሙላት በሩ ላይ ቆሞ በትልቅ ድምፅ ይናገራል።

«ሌባ ነው ለካ ያሳደግኩት። ሁላችሁም እወቁት። ሌባ ነው።»

አንዷ ለሌላዋ «እናቱ መጣች» ስትል ሰማሁ። ያን ጊዜ የፈራሁትን ነገር በትክክል አውቃለሁ። የታሰረ ይፈታል። ስም ግን በዚያ ፎቅ ላይ አንዴ ከወጣ አይመለስም። በዚያ ሕንፃ ሌባ የተባለ ልጅ ዕቃ ማን ያስነካዋል? ከዚያ ሥራ ሌላ ሥራ የማያውቅ ልጅ ምን ይሆናል?

ውስጥ ገባሁ። ልጄ ጥግ ላይ ቆሟል፣ ፊቱ አመድ ሆኗል። ዳዊት ኮምፒውተሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ አጠገቡ ተቀምጧል። ሁለት ሽማግሎች ተጠርተዋል። አንዱ ከምድር ቤት ጨርቅ የሚሸጡት ሐጂ ኑሩ ናቸው፤ ሌላው ደግሞ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ፎቶ ቤት የነበራቸው ጋሽ ታደሰ።

«ነይ አስካለ፣ ተቀመጪ» አለኝ ሙላት። «ጣቢያ ልወስደው ነበር። ስላንቺ ስል በሽማግሌ ይለቅ ብያለሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኩት። አዎ፣ እንዲህ ነው ያልኩት። ልጄን ሌባ ብሎ ጮሆ ገና ሳይጨርስ አመሰገንኩት።

ሐጂ ነገሩ ከሥሩ ይነገር አሉ። ዳዊት ተናገረ።

«ሐጂ፣ እኔ ውዱን ብሎክ ነው የከፈልኩበት። ዛሬ በኮሪደሩ ሳልፍ መስኮቱ ላይ ያለውን ማሽን አየሁት። ውሃው በቱቦው ውስጥ እየተንፎለፎለ ነው። የኔ ደግሞ ይንፏቀቃል፤ አረፋዋ ቱቦው ውስጥ ቆማ ታየኛለች። ርካሹ እንዲህ ከሮጠ ውዱ እንዴት ከሱ ያንሳል? ፎርጅድ ነው የተሰጠኝ አልኩ።»

«እኔ ለዚህ ልጅ ኦርጅናሉን በእጄ ነው የሰጠሁት» አለ ሙላት። «ሸጦት የሆነ ቆሻሻ ገጥሞበታል። ሌላ ማን ነካው?»

«ሚኪ፣ አንተስ?» አሉት ሐጂ።

«የሰጡኝን ነው የገጠምኩት። ውሃው ቀስ የሚለው ጥሩ ስለሆነ ነው» አለ።

ሙላት ሳቀ። ኮሪደሩም ሳቀ። ልብስ ሰፊው «አራዳ ነህ፣ ቀስ ስለሚል ነው ጥሩ የሆነው?» አለው።

«ታዲያ አወዳድሯቸው» አለ ልጄ። «ሁለቱንም በዳዊት ማሽን ላይ እየቀያየርኩ ልግጠም። የሙቀቱን ቁጥር ስክሪኑ ያሳያል። እኔ የገጠምኩት ከርካሹ የበለጠ ካቀዘቀዘ ውዱ ነው ማለት ነው። ካላቀዘቀዘ ውሰዱኝ።»

«መጀመሪያ ውሃውን» አለ ሙላት። «ውሃ አይዋሽም።»

ሁለቱም ተፈቱ። ባልዲ መጣ፣ ውሃ የሚገፋ ትንሽ ፓምፕ ባልዲው ውስጥ ገባ፣ ከጎማው ጫፍ ላይ መጀመሪያ ርካሹ ተገጠመ። ውሃው ጆጉ ውስጥ ተወርውሮ ገባ፤ ወዲያው ሞላ። ሙላት ለሽማግሎቹ ጆጉን ከፍ አድርጎ አሳየ። ቀጥሎ የልጄ ተገጠመ። ያው ፓምፕ፣ ያው ጎማ። ውሃው ቀጥኖ ወረደ። ጆጉ አልሞላ አለ። ሰው ሁሉ ያያል፣ ውሃው ቀጥኖ ይወርዳል።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ የኔም ልብ አብሮ ወረደ። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። መጣ ሲባል መጀመሪያ የምንጠይቀው «ጉልበት አለው ወይ?» ብለን ነው። የሚሮጥ ውሃ ጥሩ ነው፣ የሚቀጥን ውሃ መጥፎ ነው፤ ዕድሜዬን በሙሉ የማውቀው ይህንን ነው። ሐጂም ይህንኑ ነው የሚያውቁት፣ ዳዊትም፣ ኮሪደሩም። ሁላችንም ባልዲ ይዘን ቧንቧ ሥር ተሰልፈን ያደግን ሰዎች ነን። ውሃውን አይተን ፈረድን።

ሚኪ እኔን አየኝ። ፊቴን አነበበው መሰለኝ። ወደኔ ዞሮ፣ ለኔ ብቻ እንደሚናገር፣ ቀስ ብሎ አስረዳ።

«እማ፣ ማበጠሪያ አስቢ። አንዱ ጥርሱ ሰፊ ነው፣ ፀጉርሽን ቶሎ ያልፋል፤ ቅጫሙን ግን ይተወዋል። አንዱ ጥርሱ ድፍን ነው፣ ቀስ ብሎ ያልፋል፣ ይለቅማል። የዚህ ብሎክ ሆዱ እንደ ድፍኑ ማበጠሪያ ነው የተቆረጠው። ውሃው እየተፋተገ ስለሚያልፍ ይዘገያል፣ ሙቀቱን ግን ይለቅማል።»

«ጨርቅም ጥቅጥቅ ሲል ውሃ ያቆያል» አሉ ሐጂ፣ እንደማሰብ ብለው።

«ሐጂ፣ ይሄ ጨርቅ አይደለም» አለ ሙላት።

ያም ሆኖ ዳዊት ሙቀቱ ይታይ አለ። ሚኪ ርካሹን በዳዊት ማሽን ላይ ገጠመው። ውሃ ሞላ፣ አየሩን አስወጣ፣ ማሽኑን የሚያደክም ሥራ ሰጠው። ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ መውጣት ጀመረ። ሰማንያን አለፈ፤ ሰማንያ ስድስት ላይ ቆሞ ቀረ። ዳዊት ቁጥሩን በስልኩ ፎቶ አነሳው። ሚኪ ርካሹን ፈታ፣ በመዳቡና በዕቃው መካከል የሚቀባውን ነጭ ቅባት በጨርቅ ጠረገ፣ አዲስ ቀባ፣ የተጠረጠረውን ብሎክ አስቀመጠ። ቡሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቀ። ውሃውን ሞላው። ማብሪያውን ሊጫን ጣቱን ዘረጋ።

መብራት ጠፋ።

ከሕንፃው ሁሉ «ኡፍ» የሚል ተሰማ። ኮሪደሩ ጨለም አለ፤ ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ብቻ ቀረ። ቁጭ አልን። አዛን ተሰማ፤ ሐጂ ወጥተው ሰግደው ተመለሱ። መብራቱ አልመጣም። ጋሽ ታደሰ ሰዓታቸውን ደጋግመው ያያሉ። በመጨረሻ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ እስከ ማታ አንቀመጥም» አሉ። «ውሃውን ሁላችንም በዓይናችን አይተናል። ልጅ ነው፣ ተሳስቷል። ሙላትም ጣቢያ አልሄድም ብሏል፣ ይመስገን። ሚኪ፣ ና ልጄ፣ የጋሼን ጉልበት ሳም። ይቅር ይበልህና ይለቅ።»

«እኔ አልሰረቅኩም» አለ ሚኪ።

«ሰረቅክ ማን አለህ? ይቅርታ ጠይቅ ነው ያልንህ። ይቅርታ መጠየቅ የትልቅ ሰው ነው።»

ሙላት ወንበሩን ትንሽ ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ እግሩን ዘረጋ። ለመሳም የተዘጋጀ ጉልበት አይታችሁ ታውቃላችሁ? የሱሪውን ጨርቅ እንኳ በእጁ አስተካከለው። ከበር ውጪ ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ያያል። ልጄ ያን ጉልበት ከሳመ፣ ነገ ጠዋት ያ ኮሪደር የሚያወራው አንድ ነገር ነው፦ ሰርቆ፣ ተንበርክኮ፣ ተማረ።

ሚኪ እኔን አየኝ። ምን ላድርግ እያለኝ ነው። እኔ ሁልጊዜ የምለውን «እሺ» እንድለው ጠበቀ። ዝም ስል ጊዜ ወደፊት ተራመደ። በአጠገቤ ሲያልፍ «ስላንቺ ብዬ ነው» አለኝ፣ በሹክሹክታ። አንድ ጉልበቱን አጠፈ።

ድፍረቱ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ኮሌታውን ከኋላ ይዤ ወደ ላይ ሳብኩት።

«ተነሥ» አልኩት። «አትንበርከክ።»

«አስካለ» አሉኝ ጋሽ ታደሰ።

እኔ ግን ወደ ሙላት ነው የዞርኩት። «አንተ» አልኩት።

ሙላት ዓይኑን ደጋግሞ ከፈተና ዘጋ። «ማንን ነው አንተ የምትዪው?»

«አንተን ነው። ልጄ ሰረቀ ካልክ መብራቱ እስኪመጣ ጠብቅ። ካልሰረቀ እግርህን ሰብስብ።»

«በይ እንግዲያው ጣቢያ እንሂድ።»

«እንሂድ። ኮምፒውተሩን እኔ በጀርባዬ እሸከመዋለሁ፣ ባልዲውን አንተ ያዝ። ጣቢያም መብራት አያጡም።»

ዳዊት ሳቁን አፍኖ ተነሣ። «ማዘር ልክ ናቸው። ማሽኑ የኔ ነው፤ እኔም ሳላይ አልሄድም» አለ።

ሐጂ ኑሩ መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱ። «እኔም እቆያለሁ። በግማሽ ሚዛን አልፈርድም» አሉ።

ቆየን። እኔ አልተቀመጥኩም፤ ከልጄ ፊት ቆሜ ነው የጠበቅሁት፣ ዳግም እንዳይታጠፍብኝ። ቁጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፈርቼ ነበር። ቢሳሳትስ? ውሃው የቀጠነው በእውነት ቆሻሻ ስለሆነ ቢሆንስ? የዱባዩ ሰው ሙላትን ራሱን አታሎት ቢሆንስ? ያን ጊዜ «አንተ» ያልኩበት ምላስ የት ይገባል? ልጄን አምነዋለሁ፤ ዕቃውን ግን አላውቀውም።

መብራት መጣ። ከታች ወርቅ ቤቶቹ ጋ ሰው አጨበጨበ።

ሚኪ ማብሪያውን ተጫነ። ውሃው በቱቦው ውስጥ፣ ያ ቀርፋፋ ውሃ፣ መንፏቀቅ ጀመረ። ማሽኑን ያንኑ ሥራ ሰጠው። ቁጥሩ ወጣ። አርባ፣ ሃምሳ። «ይወጣል ገና» አለ ሙላት። ስድሳ። ስድሳ ስምንት። እኔ የኪዳነ ምሕረትን ስም በልቤ እየጠራሁ ነው። ሰባ። ሰባ ሁለት። ሙላት ጎንበስ ብሎ ስክሪኑን ሊነካው ደረሰ። ሰባ ሦስት። ተመልሶ ሰባ ሁለት። እንደገና ሰባ ሦስት።

«ትንሽ እንጠብቀው» አለ ልጄ። «ርካሹ የቆየውን ያህል ይቆይ። በኋላ እንዳትሉኝ።»

ጠበቅነው። ከሰባ ሦስት አላለፈም።

«ቁጥሩ አነሰ ማለት ምን ማለት ነው?» አሉ ሐጂ።

«ቀዘቀዘ ማለት ነው» አለ ዳዊት። «በጣም ነው የሚበልጠው። ይሄ ነው ውዱ። ሚኪ፣ በናትህ ይቅር በለኝ፤ እኔ ነኝ ነገሩን ያመጣሁት። ውሃውን አይቼ ነው።»

ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ነገሩ አበቃ፣ ልጄ ነጻ ወጣ ብዬ ነበር።

አላበቃም። ሙላት ግንባሩን ጠረገ፣ ቀጥሎ ፈገግ አለ። «ይኸው፣ እግዜር ይመስገን» አለ። «ሰይጣን ነው በመካከላችን የገባው።»

«በሉ ሰይጣን ይፈር» አሉ ጋሽ ታደሰ፣ ለመሄድ እየተነሡ። «ሚኪ፣ እንግዲህ ታላቅህ ነው፣ አሳድጎሃል። ጉልበቱን ሳምና ይመርቅህ። በሰላም እንለያይ።»

እንደገና ጉልበት። እንደገና። ሰርቆ ቢሆን ጉልበት ይስማል፣ ሳይሰርቅም ጉልበት ይስማል። ታዲያ ያን ሁሉ ሰዓት የተቀመጥነው ለምንድን ነው?

«ጋሽ ታደሰ» አልኳቸው። «እርስዎን አከብራለሁ። ግን ሰይጣን ኮሪደር ላይ ወጥቶ ልጄን ሌባ ሲለው አላየሁም። ያየሁት ሙላትን ነው።»

«አስካለ፣ ይቅር ብዬዋለሁ እኮ» አለኝ ሙላት።

«ምን አጥፍቶ?»

ሙላት ወደ ሽማግሎቹ ዞረ።

«ምን አጥፍቶ ነው ይቅር ያልከው? ንገረኝ። ሌባ ያልከው እዚህ ክፍል ውስጥ አይደለም፣ እዚያ ነው። እዚያ ውጣና አይደለም በል። ሌላ የምፈልገው የለኝም።»

«ትልቅ ሰው ነኝ፣ አታዋርጂኝ።»

«ልጄስ ምንድን ነው? ባልዲ ነው?»

ሐጂ ኑሩን አየሁ። ሽማግሌ ካልፈረደልኝ ብቻዬን ነኝ። ሐጂ በሩን በእጃቸው አሳዩት። «ሙላት፣ ውጣ» አሉ። «የተናገርክበት ቦታ ሂደህ አንሳው።»

ሙላት ወጣ። እኛም ተከተልን። በሩ ላይ ቆሞ፣ ወደ መሬት እያየ፣ ከጥርሱ ሥር «አልሰረቀም» አለ።

«አልተሰማም» አልኩ።

«ልጁ አልሰረቀም» አለ፣ ትንሽ ከፍ አድርጎ።

«ሌባ ስትል እኔ ከደረጃው ሥር ነው የሰማሁህ። አልተሰማም።»

ፊቱ ደም መሰለ። ኮሪደሩን በሙሉ ቀና ብሎ አየና «ሚኪያስ ሌባ አይደለም፤ ዕቃውን አልነካም» ብሎ ጮኸ።

ጫፍ ላይ ያለው ልብስ ሰፊ ራሱን ከበሩ አወጣ። «ተሰምቷል፣ እትዬ አስካለ» አለ።

ልጄ መፍቻዎቹን በቦርሳው ሰብስቦ ተከተለኝ። ደረጃውን ስንወርድ አልተነጋገርንም። ታች ስንደርስ ቆመና «እማ፣ ልስመው ነበር እኮ» አለኝ። ዓይኑ ሞላ። «አንቺ ባትይዢኝ ስሜው ነበር።» ያ ነገር ከሁሉ በላይ አንገበገበኝ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የሚያውቀውን ነገር ያውቃል፣ እውነቱ እጁ ላይ ነው፤ ግን ጉልበቱ መታጠፍ ለምዷል።

ሚኪ ወደዚያ ሱቅ አልተመለሰም። ሙላት ሁለት ጊዜ ሰው ላከበት፤ እንቢ አለ። ከጓደኛው ጋር ሆኖ እዚያው ፒያሳ ሌላ ፎቅ ላይ ይሠራል። ዳዊትም ደንበኛው ነው። ዕቃ ያምኑታል፤ ስሙ ተርፏል። እኔ ግን ስሜ ተለውጧል፤ ሰፈር ውስጥ «ጠበኛዋ አስካለ» እባላለሁ። ይበሉኝ።

እናንተ የምታነቡ ሰዎች፣ ሽማግሌ አትስሙ እያልኳችሁ አይደለም። ሐጂ ኑሩ ባይኖሩ ኖሮ እኔ ብቻዬን የት እደርስ ነበር? እያልኩ ያለሁት፣ «ስለ ሰላም ብለሽ» ሲሏችሁ የማን ሰላም እንደሆነ ጠይቁ ነው። እኛ ቤት ሁልጊዜ የሚታጠፈው የትንሹ ጉልበት ነው፤ ጥፋተኛውን እንኳ ሳናጣራ። ልጃችሁ የሚሠራውን ነገር ባታውቁትም፣ እኔ ያንን ብሎክ ዛሬም በደንብ አላውቀውም፣ እስኪለካ ድረስ ቁሙለት። ፈርታችሁም ቢሆን ቁሙ።

የንስሐ አባቴ «አስካለ፣ ይቅር በዪው፣ ቁጣ ያቃጥልሻል» ይሉኛል። አባ፣ እላቸዋለሁ፣ አልጠላውም። ግን ሙላት ኮሪደሩ ላይ ያለው «አልሰረቀም» ነው። «በደልኩህ» አላለም። ለልጄም አላለው፣ ለኔም አላለኝ። መጥቶ ይበል። ቤታችንን ያውቀዋል፣ ስልካችንን ያውቀዋል። የመጣ ቀን በሩን እከፍትለታለሁ፣ ወንበር እሰጠዋለሁ፣ ጉልበቴንም ሳመኝ አልለውም። እስከዚያ ግን ይቅርታዬ እኔው ጋ ይቀመጣል።